ክምርና ገበሬ፤ የእንግሊዝኛን ቃላት ከገጠር የፍቅር ታሪክ ስለ መማር

ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1874 ያሳተመው «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» የተባለው የገጠር ፍቅር ታሪክ፣ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪዎች አጥሮ ጭምር የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ለአምበርና ለቢቸና ልጅም ይስማማል። ነገር ግን ቃላቱ ሁሉ በአንድ መንገድ አይጠኑም።

«ሪክ» ማለት ክምር ነው። እረኛው ገብርኤል ኦክ፣ ሌሎቹ ሰክረው በተኙበት ሌሊት፣ የባትሼባን አምስት የስንዴና ሦስት የገብስ ክምር ከዝናብ ለማዳን ይታገላል። ለክምሩ ተጨንቆ የሚያውቅ አንባቢ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ቃሉን ይይዛል፤ የኦክንም ፍቅር አብሮ ይረዳል።

«ፋርመር» ግን እንዲህ አይደለም። መዝገበ ቃላት «ገበሬ» ይለዋል። ባትሼባ «ፋርመር» ናት፤ ሆኖም ሞፈር አትጨብጥም፣ ደመወዝ ከፍላ ታሠራለች። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ግን ገበሬ ማለት አርሶ ለፊታውራሪ መሸሻ የሚገብር ሰው ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ተማሪ የታሪኩን ቁም ነገር ይስታል፤ የሁለቱም መጻሕፍት ፍቅር የሚፈተነው በደረጃ ልዩነት ነውና። ኦክ በጎቹን አጥቶ ባፈቀራት ሴት ቤት ተቀጣሪ ይሆናል፤ በመጨረሻ ግን ያገባታል። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መንገድ የሚዘጋው ትውልድ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሥራና ትዕግሥት አይሽሩትም።

እንግዲህ የዕቃ ስም በዕቃው፣ የማዕረግ ስም በታሪኩ ይጠና። መምህራንም የቃላት ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢያስነብቡ ይበጃል።