እንስሳ ኮቴን ሳታዩ እንዳትቀሩ!

ኧረ ጉድ ነው! ለአዲስ አበባ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም? ቡራዩን እለፉ፣ መናገሻን እለፉ፣ የአምቦን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሆለታ ስትጠጉ እንስሳ ኮቴ አለላችሁ! ከሰንሰለት፣ ከገመድና ከኮንትሮባንድ የተረፉ የዱር እንስሳት የሚኖሩበት 77 ሄክታር ግቢ! አንበሳ አለ። አቦሸማኔ አለ። ልቤን ይዘው ያስቀሩት ግን ጦጣዎቹና ጭላዳዎቹ ናቸው!

ወገቧን በገመድ ታስራ ሙዝ የምትለምነዋን ጦጣ እርሷት! እዚህ ያሉት ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይጣላሉ፣ ወዲያው ይታረቃሉ! አንዷ ከሌላዋ ኋላ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ፈልቀቅ እያደረገች ስትፈትሽላት ማየት እንዴት ደስ ይላል! ቅማል መልቀም ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚዋደዱት በዚህ ነው፣ ጠብ የሚበርደው በዚህ ነው! ብቻዋን ታስራ የኖረች ጦጣ ጀርባዋን የሚነካላት ወገን አልነበራትም። አሁን ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ሙሉ ሰውነቷን ለጓደኛዋ ለቃ ትተኛለች። ውይ! እንባዬ መጣ!

ድምፃቸውስ! የኛዎቹ ጦጣዎች የቅርብ ዘመዶች ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ለንስር አንድ ጩኸት፣ ለነብር ሌላ፣ ለእባብ ደግሞ ሌላ አላቸው! ተመራማሪዎች ድምፁን ቀድተው መልሰው አሰሟቸው። ነብር በሌለበት የነብሩን ጩኸት ሲሰሙ ዛፍ ላይ ወጡ! በንስሩ ሽቅብ አንጋጠጡ፣ በእባቡ ቆመው ሣሩን ቃኙ! ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጦጣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ጭላዳው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው! በምድር ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር መኖሪያ የለውም። ደረቱ ላይ ቀይ እሳት የመሰለ ምልክት! እንደ በግ ሣር ይበላል! ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይነጫል፣ ይነጫል፣ ከዚያ መቀመጫውን ሳያነሳ ወደፊት ይንፏቀቃል! ድንገት የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ብልጭ ሲያደርገው ደንግጬ ጮህኩ!

እንስሳ ኮቴን የወለደው አንድ ቤተሰብ መሆኑን ስሰማ ደግሞ! ቨርጂኒያ ማኬናና ባለቤቷ ቢል ትራቨርስ የእንግሊዝ ተዋንያን ነበሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. «ቦርን ፍሪ» በተባለው ፊልም፣ ኤልሳ የተባለችውን እንስት አንበሳ ያሳደጉትን ጥንዶች ሆነው ተወኑ። በሌላ ፊልም አብራቸው የሠራችው ፖሌ ፖሌ የተባለች ዝሆን ለንደን መካነ አራዊት ተወስዳ በ1983 እ.ኤ.አ. ሞተች። እነሱም በዓመቱ ከልጃቸው ከዊል ጋር ሆነው ዛሬ ቦርን ፍሪ የምንለውን ድርጅት መሠረቱ! እንስሳ ኮቴን በኢትዮጵያ ያቋቋመው ይኸው ድርጅት ነው። በር ከፍተው የሚመግቡት፣ የሚያክሙት፣ ባሕርያቸውን አንድ በአንድ የሚነግሯችሁ የኛው ልጆች ናቸው!

ከዚያ በኋላ ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ! በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ጫካ ገባሁ፤ ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያውለበለበ ከጽድ ወደ ጽድ ሲወረወር! ግልገሉ እኮ ሙሉ ነጭ ሆኖ ነው የሚወለደው! በሱሉልታ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዤ ደብረ ሊባኖስ ሄድኩ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ! ቀዝቃዛው ንፋስ፣ የሣሩ ሽታ፣ ያ ሁሉ ጉርምርምታቸው! በሦስቱም አቅጣጫ ከከተማችን አፍንጫ ሥር!

አሁን ስልካችሁን አንሱ። ወደ እንስሳ ኮቴ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ! መንገድ ዳር የጦጣ ግልገል ይዞ «ግዙኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አደራ፣ አትግዙ! ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ።