የወንጀል ሶሲዮሎጂና የሽፍታ ነገር

ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ኅብረተሰብ አቋምና ስለ አኖሚ ያወጣው ጽሑፍ፥ የወንጀልን ምክንያት ከሰው ደምና ባሕርይ አውጥቶ በኅብረተሰቡ አቋም ውስጥ ስለ ፈለገው ምስጋና ይገባዋል። ሐሳቡም ይኸውም ኅብረተሰቡ ለሁሉ አንድ ግብ፥ በአሜሪካ እንደ ሆነው ሀብት ማካበትን፥ ያሳያል፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን የተፈቀደ መንገድ ግን በብዙዎች ላይ ይዘጋል ማለት ነው። ግቡን ሳይተው ባልተፈቀደ መንገድ የሚሄድ ሰው ወንጀለኛ ይባላል። አኖሚ የሚለውን ቃል ከኤሚል ዱርኬም ወርሶ ትርጓሜውን መለወጡንም ልብ ይሏል።

ትምህርቱ ለአሜሪካ ኑሮ የተሰፋ ልብስ ስለ ሆነ፥ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው የሽፍትነት ልማድ ሲለካ ይጠባል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መሸፈት ከሥርዓት መውጣት ብቻ ሳይሆን ወደ ሹመት የሚያደርስ የታወቀ መንገድ ጭምር ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ ሸፍተው ቆላ ወረዱ፤ ኃይላቸው በታወቀ ጊዜ በእቴጌ መነንና በልጃቸው በራስ ዓሊ ዘንድ ቋራ ተሰጣቸው፤ የራስ ዓሊንም ልጅ ተዋበችን አገቡ። ደግሞም ሸፈቱ፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መርተን ከዘረዘራቸው አምስት ክፍሎች እኒህን ሰው በየትኛው እናግባቸው? ከዐመፀኞች እንዳንቆጥራቸው፥ በሽፍትነታቸው ዘመን የፈለጉት ሹመትና ክብር የነበረው ሥርዓት ራሱ የሚያከብረው ነው፤ አዲስ መንገድ ፈጠሩ እንዳንል፥ መንገዱን አባቶች ያውቁታል።

ኤሪክ ሆብስባውም እ.ኤ.አ. በ1969 ሽፍታውን የገበሬ ወገን አድርጎ ያየው ነበር። ዶናልድ ክራሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያው ሽፍትነት ከመኳንንቱ ኑሮ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ስላሳየ፥ በበኩሌ ከእርሱ ጋር እስማማለሁ። በሬው የታረደበት ገበሬ ስለ ወገንነቱ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመን የሃዋርድ ቤከር ሐሳብ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከደንብ መውጣት በድርጊቱ ውስጥ ያለ ጠባይ ሳይሆን ሌሎች ደንብ አውጥተው በአድራጊው ላይ የሚለጥፉት ስም ነው ይላል። ቋንቋችንም ሌባን፥ ወንበዴንና ሽፍታን ለየብቻ ስለሚጠራ ይህን ይደግፋል፤ ሽፍታው ምሕረት ተሰጥቶት ሲሾም፥ ሌባ ግን በሌብነቱ ሲሾም አልተሰማም። ሆኖም ቤከር ስሙን ማን እንደ ሰጠ አጥብቆ ሲጠይቅ፥ የተዘረፈውን ሰው እምብዛም አይጠይቅም። ስሙ ከሽፍታ ወደ ደጃዝማች ቢለወጥም የገበሬው በሬ አልተመለሰም።