ማፈር ያለበት ማን ነው?

አክስቴ ሰባውን አልፈዋል። ጡረታቸውን ቆጥበው የሚኖሩ፣ ብድር የሚባል ነገር የማይወዱ ሴት ናቸው። በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመድኃኒት አምስት መቶ ብር ታበድረኛለህ?» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ብወተውታቸው ነገርዬው ወጣ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ትሁት ድምፅ ደውሎ «እማማ፣ ከባንክ ነው። ሂሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። አነበቡለት። «ተባረክ ልጄ» ብለውም መረቁት። ያጠራቀሙት ሁሉ በዚያው ሄደ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌባው ብቻ አይደለም። አክስቴ ሁለት ወር ሙሉ ለልጆቻቸው ትንፍሽ አላሉም። ለምን ቢባል… «ደግሞ ሊስቁብኝ!» ወዲያው ቢናገሩ እኮ ሂሳቡን ማሳገድ፣ ለፖሊስም ማመልከት ይቻል ነበር። ለሌባው ጊዜ የሰጠው ይሄ ሐፍረት ነው።

እስቲ ራሳችንን እንውቀስ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ባንኮቹም በየስልኩ ገቡ። ብሩ ከመቀነት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እኛም ለወላጆቻችን ስልክ ገዛን። የሚስጥር ቁጥሩን እኛው መረጥንላቸው፣ ወረቀት ላይ ጽፈንም ከስልኩ ጀርባ ለጠፍንላቸው። «ይሄ መልእክት ምን ይላል?» ሲሉን ግን «ተይው እማዬ፣ አይገባሽም» አልን። አይገባሽም የተባለች እናት፣ «ልርዳዎት» የሚል ድምፅ ስትሰማ ብታምን ምን ይገርማል?

ደግሞስ የማይገባው ምኑ ነው? ሌባው በራሱ ስልክ የእርስዎን ሂሳብ ሊከፍት ሲሞክር፣ ባንኩ ቁልፉን ለእርስዎ ይልካል። ያ ቁጥር ቁልፉ ነው። የላከው ባንኩ ከሆነ መልሶ ምን ብሎ ይጠይቃል? «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሲመጣም፣ የባንክ መልእክት ማስመሰል ቀላል ነውና መጀመሪያ ሂሳብን ማየት ነው። «ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ግን ቅድሚያ ይክፈሉ» የሚለውንማ ተዉት፤ ለመሸለም መክፈል የት አገር ነው?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ወንጀል ብሎታል። ሕጉ የሚቀጣው ያታለለውን ነው። እኛ ግን «እንዴት ይሄን ታምኛለሽ!» እያልን የተታለለችውን እንቀጣለን።

ከአክስቴ ጋር ቡና ይዘን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥን። ከቁጥሩ ይልቅ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ልጅ እያናገራቸው ስልክ መዝጋት። እኛን ያሳደገን ይሄው ጨዋነት አይደል?

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። «ዛሬም አንዱ ቁጥር አንብቢልኝ አለኝ፤ ዘጋሁበት» አሉኝ። «ጎሽ!» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ደህና ዋል ሳልለው መዝጋቴ ግን ከነከነኝ።»