ኮከብ ዘጠኝ

የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። 80 ዓመት በሞላበት በ2020 ዓመታዊ ጉባኤውን ሂዩስተን ላይ ሊያካሂድ ተዘጋጅቶ ሳለ ኮሮና መጣ። ሰርዞ መቀመጥ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሐምሌ ላይ በዙም ተሰበሰበ፣ ምዝገባውንም ነፃ አደረገ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በሩ የተከፈተበት መንገድ ነው። ኮምፒውተር የሌለው አባል በተራ ስልክ ደውሎ ይገባል። መናገር ሲፈልግ ኮከብን፣ ቀጥሎ ዘጠኝን ይጫናል፤ እጁ ተነሣ ማለት ነው። ቁልፍ ባለው ስልክ ደግሞ አምስት ቁጥር ላይ በጣት ዳሰው የሚያገኟት ትንሽ ነጥብ አለች፤ ዘጠኝን ከእሷ ተነሥቶ ማግኘት ዓይን አይጠይቅም።

ስብሰባ በአካል ካልሆነ ሕይወት የለውም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ጉባኤው በሚካሄድበት ሆቴል መተላለፊያ የነጭ በትሮችን ኳኳታ ሰምቶ «ብቻዬን አይደለሁም» ማለትን፣ ሳይታሰብ የሚገኝ ወዳጅንም ዙም አይተካም። ነገር ግን የአውሮፕላንና የሆቴል ዋጋ ከመተላለፊያው ያስቀራቸው፣ ሕመም ወይም እርጅና ከቤት ያዋላቸው አባላት ያን ኳኳታ ቀድሞም አልሰሙትም። ለእነሱ የ2020ው ጉባኤ የአዳራሹ ምትክ ሳይሆን የመጀመሪያው አዳራሽ ነበር። በ2021ም ስብሰባው በዚያው መንገድ ተደገመ፤ በ2022 ኒው ኦርሊንስ ላይ እንደገና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።