ለአንድ ጥያቄ የተሞረዱ አራት ኳሶች

ኳሷ የፒንግ ፖንግ ኳስ ታክላለች። ዲያሜትሯ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ድፍን ናት፤ ቀልጦ ከጠራ ኳርትዝ ተቆርጣ የተሞረደች። ላይዋ ኒዮቢየም በተባለ ብረት ተለብጧል፤ የልባጡ ውፍረት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እምብዛም አይበልጥም። ቀዳዳ የላትም። የትኛው ወገኗ ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ የሚናገር አንዲት ጭረት እንኳ የለባትም።

እንዲህ ያሉ አራት ኳሶች እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2004 ግራቪቲ ፕሮብ ቢ በተባለች ሳተላይት ከካሊፎርኒያ ወደ ህዋ ወጡ። የሄዱት አልበርት አንስታይን ስለ ስበት ያለውን ለመፈተን ነው። አንስታይን እንደሚለው ስበት ከሩቅ የሚጎትት ገመድ አይደለም። ግዙፍ አካል በዙሪያው ያለውን ህዋና ጊዜ ያጎብጣል፤ ሳተላይትም ሆነ ብርሃን ያንን ጉብጠት ተከትሎ ይሄዳል። አካሉ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ህዋንና ጊዜን በጥቂቱ አብሮ ይጎትታል።

ፈተናው ሲነገር ቀላል ነው። የሚሽከረከር ነገር ካልነኩት ዛቢያው ወዳመለከተበት አቅጣጫ እንዳመለከተ ይኖራል። እንግዲያው ኳሷን ማሽከርከር፣ ዛቢያዋን ወደ አንድ ኮከብ ማነጣጠር፣ በምድር ዙሪያ ማዞር፣ ከዓመት በኋላ ምን ያህል እንዳዘነበለች ማየት ነው። በስሌቱ መሠረት በምድር ግዝፈት ከሚመጣው ጉብጠት የተነሳ ዛቢያዋ በዓመት 6,606.1 ሚሊ አርክ ሰከንድ ታዘነብላለች፤ በምድር መሽከርከር ከሚመጣው ጉተታ ደግሞ 39.2። አንድ ዲግሪ 3,600,000 ሚሊ አርክ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር አንድ ዲግሪ 92,000 ቦታ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ነው። ምህዋሩ በሁለቱ ዋልታዎች ላይ፣ በ642 ኪሎ ሜትር ከፍታ እንዲያልፍ የተመረጠውም በምክንያት ነው። በዚህ መንገድ ሲሄዱ የመጀመሪያው ዝንባሌ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ይሆናል። አንዱ ከሌላው ጋር አይደባለቅም።

አስቸጋሪው “ካልነኩት” የሚለው ቃል ነው። ኳሷ በአንድ ወገን ጥቂት ብትከብድ፣ ወይም ጥቂት ብትሞላላ፣ የያዛት ኃይል ዛቢያዋን ያጣምማል፤ ያ መጣመም ከሚፈለገው ዝንባሌ ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው ከኳርትዙ ይጀምራል። የተመረጠው ኳርትዝ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት ከሚሊዮን ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ መሞረድ ይመጣል። አራት ጽዋ መሰል መሞረጃዎች ኳሷን ከአራት አቅጣጫ ይይዟታል። እየዞሩ ይሞርዷታል፤ አዟዟራቸው በየጊዜው ይገለበጣል፤ አንዱ ወገን ከሌላው አብልጦ እንዳይበላ። ትወጣለች፣ ትለካለች፣ ትመለሳለች። ስትጨርስ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቦታዋ መካከል ያለው ልዩነት ከ40 የአቶም ንጣፍ ያነሰ ሆነ። ምድር በዚህ ልክ ብትሞረድ ከባሕሮቿ ጥልቅ ወለል እስከ ረጅሙ ተራራዋ ጫፍ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆን ነበር።

ማደሪያዋም ከዚያው ኳርትዝ ነው፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ ተሠርቶ ኳሷን መሐል አስገብቶ ይገጥማል። በኳሷና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከሚሊ ሜትር 32 ሺህኛ ነው። በግድግዳው ላይ ሦስት ጥንድ ክብ ኤሌክትሮዶች አሉ፤ በኤሌክትሪክ ኃይል መሐል ላይ ያንሳፍፏታል። በአንድ ቦይ የሂሊየም ጋዝ ሽው ብሎ በጎኗ ሲያልፍ መሽከርከር ትጀምራለች። አራቱ ኳሶች በደቂቃ ከ3,700 እስከ 4,900 ጊዜ ይሽከረከሩ ነበር። ጋዙ ተጠርጎ ሲወጣ ግን የሚያስቆማቸው ነገር አልቀረም። እንዲያው ቢተዉ ፍጥነታቸው በጉልህ እስኪቀንስ ሺህ ዓመታት ይወስዳል።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም። ምልክት የሌላት፣ ፍጹም ድቡልቡል ኳስ ወዴት እንደምታመለክት በምን ይታወቃል? ምልክት ቢያደርጉባት ሚዛኗ ይፈርሳል። መልሱ ልባጡ ነው። ኒዮቢየም እጅግ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። ሱፐርኮንዳክተር ሲሽከረከር ደግሞ፣ የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን አስቀድሞ እንዳሰላው፣ ከዛቢያው ጋር ልክ የሚገጥም ደካማ የማግኔት መስክ ይፈጥራል። የማደሪያው ሁለት ግማሾች በሚገጥሙበት መስመር ላይ የተዘረጋ ስስ ቀለበት ያንን መስክ ያነባል። ኳሷ ሳትነካ ዛቢያዋን ትናገራለች። ከመሣሪያው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ያን ያህል ደካማ መስክ ለማንበብ የምድር ማግኔት መራቅ አለበት። ለዚህ የተዘጋጀው ከስስ የእርሳስ ብረት የተሠራ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ታጥፎ ይቀዘቅዛል፣ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፣ ከዚያ ይዘረጋል። በውስጡ ታስሮ የነበረው የማግኔት መስክ መጠኑ አይጨምርም፤ ቦታው ሲሰፋ ይሳሳል። በውስጡ ሌላ የታጠፈ ከረጢት ይገባና ያው ይደገማል። በየዙሩ የሚቀረው መስክ ይሳሳል።

ይህ ሁሉ 2,441 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም በሚይዝ ታንከር መሐል ተቀመጠ፤ ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ። ሂሊየሙ ቀስ በቀስ ይተናል፤ ፈሳሹን አግዶ ትነቱን ብቻ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ውታፍ ነበረው። የሚወጣው ትነትም አይባክንም፤ ሳተላይቷን ራሷን የሚገፋው እሱ ነው። ከአራቱ ኳሶች አንዷ በስበት ብቻ ተይዛ በምድር ዙሪያ ስትወድቅ፣ ሳተላይቷ ግድግዳዋ ኳሷን እንዳይነካ በዙሪያዋ እየተጠነቀቀች ትከተላታለች።

የኳሶቹ ዛቢያ የተነጣጠረበት ኮከብ በፔጋሰስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚገኘው አይ ኤም ፔጋሲ ነው፤ 300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። የሚያየው ቴሌስኮፕ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እሱም ከኳርትዝ የተሠራ ነው። የኮከቡን ብርሃን በፕሪዝም ለሁለት ይከፍላል፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ከደመቁ አነጣጠሩ ልክ ነው። ሳተላይቷ በ97 ደቂቃ ገደማ ምድርን ስትዞር ከፍጥነቷ የተነሳ ኮከቡ 5 አርክ ሰከንድ ያህል ወዲያና ወዲህ የሚል ይመስላል። ይህ መጠኑ በትክክል የታወቀ መወዛወዝ መለኪያውን የሚያርሙበት ማስመሪያ ሆነ። ፀሐይ የኮከቡን ብርሃን በስበቷ የምታጎብጠውም ተሰልቶ ተቀነሰ።

የቴሌስኮፑ ክፍሎች በሙጫ አልተያያዙም። ሙጫ በዚያ ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል፣ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ የኳርትዝ ፊቶች ጠፍጣፋ እስኪሆኑ ተወልውለው በመካከላቸው የሃይድሮክሳይድ ውሁድ ጠብታ ይደረጋል። ጠብታው የሁለቱንም ፊት በስሱ ያሟሟል፤ ሲደርቅ የሟሟው ሲሊካ እርስ በርሱ ተያይዞ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ይህን የማያያዝ ዘዴ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈለሰፉት ለዚህችው ሳተላይት ብለው ነው።

የስታንፎርዶቹ ሊዮናርድ ሺፍ፣ ዊሊያም ፌርባንክና ሮበርት ካነን የዚህን ፈተና ሐሳብ የተወያዩበት ከበረራው 44 ዓመት ያህል በፊት ነበር። ሺፍና ፌርባንክ ሳተላይቷ ስትነሳ አላዩም። ፍራንሲስ ኤቨሪት እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራውን ተቀላቅሎ እስከ መጨረሻው መራው።

መረጃው ሲመጣ ግን ኳሶቹ ከተጠበቀው በላይ አዘንብለው ተገኙ። ጥፋቱ በቅርጻቸው አልነበረም። በልባጡና በማደሪያው ፊት ላይ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር፤ እነዚህ ኃይላቸው የሚለያይ ጥቃቅን ቦታዎች እርስ በርስ እየተሳሳቡ ዛቢያዎቹን ገፉ። መሞረጃ የማይደርስበት ጉድለት ነው። የጉድለቱን ሥርዓት ፈልጎ፣ አስልቶ፣ ከእውነተኛው ዝንባሌ ለመለየት ሳይንቲስቶቹ አምስት ዓመት ፈጀባቸው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። የጉብጠቱ ዝንባሌ 6,601.8 ሚሊ አርክ ሰከንድ ሆነ፤ ሊሳሳት የሚችለው በ18.3። የጉተታው 37.2፤ ሊሳሳት የሚችለው በ7.2። የመጀመሪያው ከአንድ በመቶ ሲሶ ያነሰ ስህተት አለው። ሁለተኛው 19 በመቶ ነው፤ ሲነሱ ያሰቡት ግን አንድ በመቶ ነበር። በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው አያንስም፤ ስህተቱን ሳያሳንሱ፣ ምክንያቱንም እየነገሩ አትመውታልና።

ያ ሙጫ አልባ ማያያዣ ደግሞ ሌላ ቦታ ገባ። በአሜሪካ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን ያሉት፣ የስበት ሞገድን ለመያዝ የተሠሩት የላይጎ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ የሚመዝኑ መስታወቶች አሏቸው፤ መስታወቶቹም በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ተንጠልጥለዋል። ክሮቹ የሚያዙባቸው ጆሮዎች ከመስታወቶቹ ጎን የተያያዙት በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የመጀመሪያው የስበት ሞገድ ሲያልፍ የተሰማው በእነዚህ መስታወቶች ነበር።