ዓሣ የሌለበት የዓሣ አጥማጆች ገንዳ

በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉ። አንድም ዓሣ የለባቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው የጎልደን ጌት አጥማጆች ክበብ አባላት ግን የማጥመጃ ዝንብ መወርወርን ለመለማመድ ከዳርቻቸው አይጠፉም። ገንዳዎቹን በ1938 ያሠራው ለሥራ አጦች ሥራ ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም ለማንም ክፍት ናቸው።

ከላባና ከጸጉር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ ቀላል ስለሆነች በራሷ ርቃ አትወረወርም፤ የሚወስዳት የክሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲመለስ ክሩ ከጀርባ እስኪዘረጋ መታገሥ ግድ ነው። ጀማሪን የሚፈትነውም ይኸው ነው። ነባር አባላት ይህን ረቂቅ ጥበብ ያለ ክፍያ ያስተምራሉ። ውድድር ሲኖር ዒላማቸው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ቀለበቶች ናቸው።