ሽፋኑ ላይ ያለው ስም

የባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ነገር ሲነሳ ወዲያው ወደ ኩሪዎቹ እንሮጣለን። ማሪን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1903 ከኖቤሉ ሊያስቀሯት ነበር፤ ፒየር እሷም ትካተት ብሎ ነው ስሟ የገባው። እኛም የራሳችን አሉን፤ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ፣ ሁለቱም የዕፅዋት ተመራማሪዎች።

ስለ እነሱ የማገኘው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጀግናው ተወልደብርሃን፣ እንግሊዛዊቷ ሱ ደግሞ «ባለቤታቸው»። በ2000 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ለገበሬው የዘር መብት በዓለም መድረክ ተሟግተዋልና ይገባቸዋል።

እስቲ ደግሞ በ1989 የታተመውን የ«ፍሎራ ኦፍ ኢትዮጵያ» ሦስተኛ ቅጽ እዩት። አዘጋጆቹ ኢንጋ ሄድበርግና ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። ኢንጋም የስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ የኦሎቭ ሄድበርግ ባለቤት ነበሩ። አንድ ሽፋን ላይ ከሁለት ቤት ሁለት ሚስቶች! «ሚስት» የሚል ቃል ግን የለም፤ ያለው ሥራቸው ነው። ይሄ ደረቅ መጽሐፍ ከሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይልቅ ፍትሐዊ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። እኛ ጋ እያንዳንዱ የኮድ ለውጥ ከነሠሪው ስም ይመዘገባል፤ የማን ባል፣ የማን ሚስት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ግራር ሥር ስቀመጥ፣ የግራር ዝርያዎቻችን የተመዘገቡት በዚሁ ቅጽ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ሱ በ2018፣ ተወልደብርሃን በ2023 አረፉ። ቀጣዩ ታሪካቸው ሲጻፍ በሁለት ስም ይጀምር።